ሲስተር አማረች ሽቦ አይሰኩም

ሲስተር አማረች ማረፋቸውን ማቲዎስ ደውሎ ሲነግረኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው። በማግስቱ ሐይቅ ዳር በምንጫወትበት ሆቴል ከወትሮው የበዛ እንግዳ ይጠበቃል፤ ስንለማመድ የከረምነውም ለዚያ ነው።

«አክስቴ አረፈች» አለኝ።

«ዛሬ?» አልኩት።

ምን እንደተናገርኩ የገባኝ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው። ማቲዎስ ግን አልተቀየመኝም። «አዎ፣ ዛሬ። ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ እዚያው ስልኩ ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠበት።

ሲስተርን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ንዴቴ ይገባዋል። እሳቸው ሰውን ሥራ የሚያስፈቱ፣ መንገድ ላይ የሚያስቆሙ፣ የያዙትን የማይለቁ ሴት ነበሩ። ከሁሉ በላይ የሚያበሽቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትክክል ሆነው መገኘታቸው ነው።

ያመጣቸው ማቲዎስ ነው። እሱ ድራም ይመታል፣ ሀብታሙ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ እኔ ሳክስፎን እነፋለሁ። ሁላችንም ሌላ መተዳደሪያ አለን፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን በሆቴሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሆነን ጃዝ እንጫወታለን። ጊታር የሚጫወትልን ልጅ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ሲገባ ሦስታችን ብቻ ቀረን። ሰው ስናፈላልግ ከርመን ማቲዎስ አንድ ቀን ራሱን እያሻሸ «አክስቴ ትችላለች» አለ።

«የትኛዋ አክስትህ?»

«አዋላጇ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። የቅዳሜው ልምምድ ላይ ግን ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ጸጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ጊታር በነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው ከባጃጅ ወረዱ። ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአዋላጅ ነርስነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ጊታር የተማሩት በልጅነታቸው ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነው፤ ጃዙን ደግሞ ተረኛ ሆነው ምጥ ሲጠብቁ በትንሽ ሬዲዮ እያዳመጡ ለራሳቸው ለቃቅመውታል። ተቀምጠው ብቻቸውን አንድ ነገር ሲጫወቱልን ሦስታችን ተያየን። እንዲህ ያለ ኮርድ ሀዋሳ ውስጥ የሚይዝ ሰው አናውቅም ነበር።

ሀብታሙ ደስ ብሎት የአምፕሊፋየሩን ሽቦ አቀበላቸው።

«ሽቦ አልሰካም» አሉ።

«ሲስተር፣ ካልተሰካ እኮ አይሰማም።»

«አልሰካም አልኩህ፣ የኔ ልጅ። እንጀምር።»

ጀመርን። ጣታቸው ሲሮጥ ይታየኛል፣ ድምፁ ግን የለም። ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን የማይ ነው የመሰለኝ። ስንጨርስ ሀብታሙ መሬት መሬት እያየ «አልተሰሙም» አላቸው። እሳቸው ጊታሩን ወደ ነጠላው እየመለሱ «እንግዲያው ድምፁ ከፍ የሚል ቦክስ ጊታር እንፈልጋለን» አሉ። እንፈልጋለን ሲሉ እኔን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ከመካከላችን መኪና ያለኝ እኔ ነኝ።

ፍለጋው ከፒያሳ ተጀመረ። የሙዚቃ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብተን ባለሱቁ አንዱን ጊታር ሲያወርድላቸው፣ ሲስተር ተቀብለው ወንበር ሳቡና ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ተሻገር።»

«የት?»

«አስፋልቱን ተሻገርና ቁም። እኔ ከዚህ እመታለሁ፤ የሰማኸውን መጥተህ ትነግረኛለህ።»

«እዚሁ ሆኜ ብሰማውስ?»

«እዚህማ ሁሉም ያምራል። አጠገቡ ቆመህ ልብህን የሚያጠፋው ጊታር፣ ራቅ ስትል የለም። እኛ የምንጫወተው ራቅ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው።»

ተሻገርኩ። ባጃጅ በባጃጅ ላይ ይነዳል፣ ጥሩምባው ያደነቁራል፣ እኔ የመንገዱ ጠርዝ ላይ አንድ ጆሮዬን ወደ ሱቁ አዙሬ ቆሜያለሁ። የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህር በእግራቸው ሲያልፉ አዩኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጊታር እየሰማሁ ነው።»

ወደ ማዶ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ላይ በተለየ ዓይን ያዩኝ ጀመር። ሲስተር ደግሞ እኔ ማዶ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰኝ እየመቱ አይደለም፤ ከአንዲት እናት ጋር ቆመው ያወራሉ። የዚች ከተማ ግማሽ ወጣት በእሳቸው እጅ የተወለደ ይመስል፣ የትም ስንሄድ አንድ ሰው ያስቆማቸዋል። ጎረምሳውን ጉንጩን ይዘው «ይሄን እኔ ነኝ ያዋለድኩት፤ በእግሩ ነው የመጣው» ይሉኛል። ልጁ በእፍረት ይሞታል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

በዚህ አኳኋን ብዙ ቅዳሜዎች ካለፉ በኋላ ሆዱ ሰፊ የሆነ ትልቅ ጊታር ገዙ። ማዶ ድረስ የተሰማኝ እሱ ነበር፤ ድምፁ ወፍራምና ግርማ ያለው ነው፤ ተገላገልኩ ብዬ አመሰገንኩ። ሆቴሉ ግቢ ስንጫወት ግን ያ ሁሉ ግርማ የት እንደገባ ጠፋ። ወፍራሙን ድምፅ የሀብታሙ ቤዝ ዋጠው፤ የተረፈውን የማቲዎስ ሲምባል ጨረሰው። ሲስተር ዘፈኑ መሃል ላይ እጃቸውን አነሱና እንግዳው ሁሉ እያየ «ማቲዎስ፣ አልሰማሁም» አሉ። ሁላችንም ቆምን። በዚህም አልበቃቸውም፤ ተነስተው ቅርብ ወዳለው ጠረጴዛ ሄዱና ዓሣ የሚበላውን ሰውዬ «ጊታሩ ይሰማዎታል?» ብለው ጠየቁት።

ሰውየው ጉርሻውን ዋጥ አደረገና «የቱ ጊታር?» አለ።

ያን ቀን ወደ ቡሹሎ ስሸኛቸው ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ ነዳሁ። መጨረሻ ላይ እሳቸው ጀመሩት።

«ተናደህብኛል።»

«አልተናደድኩም።»

«ምጥ የያዛት ሴት እንኳ እንደ አንተ አጥብቃ አትይዝም» አሉ መሪውን እያዩ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነገሩኝ።

«ወጣት ሳለሁ አንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ ከመዘምራን ጋር ተጫወትኩ። ሰዉ ከሜዳው ተርፎ አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። እናቴ ከገጠር መጥታ ፊት ተቀምጣለች። ጊታሬን ሰካሁና ጣቴ እስኪላጥ መታሁ። ሲያልቅ ድምፁን የሚቆጣጠረው ልጅ ሽቦ እየጠቀለለ ‹እህት አማረች ይቅርታ፣ ያንቺ መስመር ከመጀመሪያው ተዘግቶ ነበር› አለኝ። ስፒከሩ በጣም ስለሚጮህ እኔ ራሴ አለመኖሬን አላወቅኩም። መዘምራኑም አላወቁም። እናቴ ደግሞ አቅፋኝ ‹እንዴት ጥሩ መታሽ› አለችኝ።»

«ልጁ ረስቶት ይሆናላ» አልኩ።

«ይሆናል፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ድምፄን ሰው ጣት ሥር አላስቀምጥም አልኩ። ከተሰማሁ ከእጄ ወጥቶ ይሰማ። ካልተሰማሁም፣ አለመሰማቴን እዚያው ልወቀው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ንዴቴ የሚተወኝ መስሎኝ ነበር። አልተወኝም። ምክንያታቸው ከገባኝ በኋላ እምቢ ማለት ስላቃተኝ ጭራሽ ባሰብኝ። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሁሉ የሚገኘውን በጣም ወፍራም የጊታር ክር እንዲያመጣላቸው ያዛሉ፤ የሚያስታውሰው ግን እኔ እንድሆን ይፈለጋል። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ይደውላሉ። አንዴ ስብሰባ አቋርጬ ስወጣ «መምህር፣ ክሩን የምመታበት ፒክ ወፍራም ሲሆን ድምፁ የሚያድግ አይመስልህም?» አሉኝ። ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም።

በመጨረሻ ያ ወፍራም ክር ጉድ አመጣ። ትልቁ ጊታር ውጥረቱን መሸከም አልቻለም። አንድ ቅዳሜ የዘፈኑ ጸጥ ያለ ክፍል ላይ ሳለን የክሩ መያዣ እንጨት ከፊቱ ላይ ተገንጥሎ እንደ ጥይት ጮኸ። አንድ እንግዳ ጠረጴዛ ሥር ገባ። አስተናጋጇ የያዘችውን ትሪ ለቀቀችው። ሲስተር የተሰበረውን ጊታር አገላብጠው አዩና «ይሄስ ተሰማ» አሉ።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ትዕግሥቱ አለቀ። «ወይ ሽቦ ይሰኩ፣ ወይ ሌላ ጊታር ተጫዋች አምጡ። አንድ ሳምንት አላችሁ፤ አለዚያ ቅዳሜን ኪቦርድ ለሚጫወት ሰው እሰጠዋለሁ» አለን። ለዓመታት የለፋንበት ቦታ ሊሄድ ነው። ሦስታችን ተሰብስበን እንዲነገራቸው ወሰንን። ማቲዎስ አክስቴ ናት ብሎ እምቢ አለ። ሀብታሙ መኪናው ያንተ ነው አለኝ።

በማግስቱ ቡሹሎ ሄድኩ። ጓሯቸው ውስጥ እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ፤ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ፣ ስለ እኛም ችግር። ሳያቋርጡኝ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ሰውየው ልክ ነው» አሉ። «እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር።»

ትንፋሼ መለስ አለልኝ።

«ስለዚህ ተነስ፤ ሻሸመኔ እንሂድ። የድሮ ኦርኬስትራ ጊታር ያላቸው ሴትዮ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ።»

ላሰናብታቸው ሄጄ ሹፌራቸው ሆንኩ። መንገዱን ሙሉ ራሴን ስረግም ነበር።

ሴትዮዋ ወይዘሮ ጽጌ ይባላሉ። ባለቤታቸው ድሮ በኦርኬስትራ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ ጊታሩ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። አውርደው አቧራውን ጠረጉልን። እንዲህ ያለ ጊታር በአካል አይቼ አላውቅም። ፊቱ እንደ ቫዮሊን ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው፤ መሃሉ ላይ እንደ ሌሎቹ ክብ ቀዳዳ የለውም፤ በምትኩ ግራና ቀኝ ሁለት ጠመዝማዛ ቀዳዳዎች አሉት። ሲስተር ዛገ ያለውን ክር አውጥተው ከቦርሳቸው ያመጡትን ወፍራም ክር አሰሩበት። ክሮቹ ከአንገቱ ከፍ ስለሚሉ መጫኑ ራሱ ጉልበት ይጠይቃል። ከዚያ አንድ ኮርድ መቱ።

ጣውላ የተንኳኳ መሰለኝ። ደረቅ ነው፣ ጣፋጭነት የለውም፣ ወዲያው ይሞታል።

«ሲስተር፣ ይሄማ ያስጠላል» አልኳቸው።

«ውጣ» አሉኝ።

ወደ ግቢው ወጣሁ። «ራቅ በል» አሉ። ከአጥሩ ውጪ ወጣሁ። ጎን ለጎን ወፍጮ ቤት አለ፤ ሞተሩ ምድሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ እህል ያመጡ ሰዎች ለመነጋገር ይጮኻሉ። እዚያ መሃል ቆሜ ደህና፣ አሁን ያበቃል ብዬ ሳስብ ኮርዱ መጣ። ከዚያ ሌላው። ቤት ውስጥ ያስጠላኝ ያ ደረቅነት በወፍጮው ጩኸት መሃል እንደ ሚስማር ሰንጥቆ ይገባል። እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ይለያል። ጥቂት ቆየሁ፤ አሁን የምቆመው ተገድጄ አልነበረም።

ስመለስ «ምን ሰማህ?» አሉኝ።

«ሁሉንም።»

ወይዘሮ ጽጌ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። «ከጓደኞቹ ጋር ሲለማመድ ከዚያ ሁሉ መሣሪያ መሃል እሱን ለይቼ እሰማው ነበር» አሉ። «ስለምወደው ይመስለኝ ነበር።»

ሲስተር ተነስተው አጠገባቸው ሄዱና እጃቸውን ያዙ። ወይዘሮ ጽጌ ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን ቁርጡን ነገሩን። አይሸጡትም። ሌላ ቤትም አያድርም። ከፈለግን ጠዋት ወስደን ማታ እንመልስ።

«ይቻላል» አሉ ሲስተር፤ ወደ እኔ እንኳ ዞር ሳይሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዳንዴም ለልምምድ በሌላ ቀን፣ ከሀዋሳ ሻሸመኔ እነዳለሁ፤ ጊታሩን ተረክቤ እመለሳለሁ፤ ተጫውተን ስንጨርስ ደግሞ መልሼ አደርሳለሁ። ለዓመታት።

የወይዘሮ ጽጌ ጊታር መጀመሪያ ልምምድ ላይ ሲወጣ ችግሩ አሁን አለቀ ብለን ነበር። ሲስተር ግን ጥቂት ተጫውተው አቆሙ።

«ጊታሩ የሚችለውን አድርጓል» አሉ። «የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እኛ ምን አደረግን?» አለ ማቲዎስ።

«ማንም ሰው እየተጫወተ እኔን ካልሰማኝ፣ በዝቷል ማለት ነው።»

የማቲዎስን ዱላ ነጥቀው በምትኩ ቀጭን ሽቦ ያለው ብሩሽ ሰጡት። የሀብታሙን ቤዝ ስፒከር ዝቅ አስደረጉት። እኔን ፊቴን ወደ እንግዳው ሳይሆን ወደ እሳቸው አዙሬ እንድነፋ አደረጉኝ። ሳክስፎን ቀስ ብሎ መንፋት ጮክ ብሎ ከመንፋት ይከብዳል፤ ትንፋሼ ያልቃል፣ ከንፈሬ ይዝላል፣ እሳቸው ደግሞ «ትንሽ ቀንስ» ይላሉ። ራሳቸውም ቀንሰዋል፤ ስድስቱን ክር መምታት ትተው የመሃሎቹን ብቻ ይይዛሉ። «ስድስቱ ሲደባለቁ ድምፁ ይደፈርሳል እንጂ አይበዛም» ይሉ ነበር። ልምምዱን ረግጠን ያልወጣነው ሥራ አስኪያጁ የሰጠን ጊዜ ስላለቀ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ ከኋላ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆመ። ጀመርን። የሲስተር ተራ ሲደርስ እኔ ሳክስፎኔን ዝቅ አደረግኩ፤ ማቲዎስ ብሩሹን ድራሙ ላይ እንደ መጥረጊያ ቀስ ብሎ ይጎትታል። የሲስተር ድምፅ ከዛፉ ሥር ተነስቶ ወደ ጠረጴዛዎቹ ሄደ። ስልክ ሲያወራ የነበረ ሰው «ቆይ፣ መልሼ ልደውልልህ» አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ወንበራቸውን አዞሩ። ሲስተር ቀና ብለው አላዩም። የግንባራቸው ላብ ጊታሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ የግራ እጃቸው ጅማት ተገትሯል።

ስንጨርስ ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ መጣና «ሰኩ ማለት ነው?» አለኝ።

«አልሰኩም።»

ጎንበስ ብሎ ከወንበራቸው ሥር ሽቦ ፈለገ። ምንም አላገኘም። ቀና ሲል ሲስተር እያዩት ነበር።

«ቅዳሜ የኛ ነው?» አሉት።

«የእርስዎ ነው፣ ሲስተር» አለ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወይዘሮ ጽጌ ጊታሩን ሊያስረክቡኝ ከበር ሲወጡ ነጠላቸውን ለብሰው አገኘኋቸው። «እኔም ልምጣ» አሉ። ከዚያ ወዲያ አይቀሩም። ከኋላ ወንበር ጊታሩን ታቅፈው ይቀመጣሉ፤ ሆቴሉ ሲደርሱ ፊት ለፊት ያለውን ጠረጴዛ ይይዛሉ። አንዳንዴ ሙዚቃው መሃል ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሁለቱ አሮጊቶች ከዝግጅቱ በኋላ ሻይ ሲያዙ ወሬያቸው ስለማያልቅ እኔ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ጥሩምባ ብነፋም አይሰሙኝም፤ ወይም እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

ሲስተር ልባቸውን ያማቸው እንደነበር የሰማነው ከሞቱ በኋላ ነው። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያክም የኖረ ሰው የራሱን ሕመም መደበቅ ያውቅበታል። ቀብራቸው ላይ ቡሹሎ ሰው አልበቃው አለ። በእጃቸው የተወለዱት የራሳቸውን ልጆች ይዘው መጥተው ነበር። ወይዘሮ ጽጌ ከመቃብሩ መለስ ስንል ክንዴን ይዘው «አሁን ጊታሩን ማን ይመታዋል?» አሉኝ። ክሩን የሚችለው ጣት እስኪገኝ እሳቸው ጋ ይቆይ አልኳቸው።

ሆቴሉ ለሐዘናችን ጥቂት ቅዳሜዎች ፈቀደልን። ከዚያ ሀብታሙ አንድ ወጣት አመጣ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ጥሩ ኤሌክትሪክ ጊታርና ጥሩ አምፕሊፋየር አለው፤ መኪና አያስፈልገውም። መጀመሪያ ልምምድ ላይ ሰክቶ ሲጀምር ግቢውን ሞላው። እኛ ጨዋታችንን አልቀየርንም። ልጁ ግራ ተጋብቶ ቆመና አምፕሊፋየሩን ዝቅ አደረገ። እንደገና ጀመርን። እንደገና ዝቅ አደረገ። በሦስተኛው ላይ ጣቱን ከክሩ አንስቶ አፈጠጠብን።

«የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም» አለው ማቲዎስ።

«ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ ቀስ የምትሉት?»

ሀብታሙ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረ። ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ ድምፁን እስከ መጨረሻው አወረደና ሊጠፋ ምንም ሳይቀረው ተጫወተ። አንዱን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ሄድን። ሲያልቅ ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ከእናንተ ጋር መጫወት ያናድዳል» አለ። «የሳትኩት ሁሉ ይሰማል።»

«ትለምደዋለህ» አለው ማቲዎስ፣ ብሩሹን እያነሳ።